ትራሱ የማን ነው?

«ሥዕል ሥዕል ነው፤ ውበቱን አይታችሁ እለፉ» ይሉናል የየዶርሙ የውበት ጠበቆች። እሺ፣ እንየው።

የቀድሞው ሰፈር ፈርሶ በተሠራው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከአንዱ ሳሎን ቴሌቪዥን በላይ የፍራጎናር «የምታነብ ወጣት» ቅጂ በወርቅማ ፍሬም ተሰቅሏል። ዋናው በ1769 እ.ኤ.አ. ገደማ በዘይት ቀለም የተሣለ ነው፤ ያለውም ዋሽንግተን፣ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ ነው። ቢጫ ቀሚስ፣ ነጭ እጥፍጥፍ አንገትጌ፣ ከጀርባዋ ወፍራም ትራስ፣ በእጇ ትንሽ መጽሐፍ። የማን ልጅ እንደሆነች ሥዕሉ አይናገርም። ምን ያናግረዋል፤ ትራሱ ይናገር የለ! ያን ቀሚስ ያጠበ፣ ያን ትራስ ያስተካከለ ሰው አለ፣ ከፍሬሙ ውጪ። ሮኮኮ የሚሉት ይኸው ነው፤ ዕረፍቱን መሐል ላይ አስቀምጦ ድካሙን ከበር ያስቀራል።

«የፈረንጅ ነውና ይውረድ» ባዮችንም አንደግፍም። በዚያው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኛዋ እቴጌ ምንትዋብ ጣና ላይ፣ ራሳቸው ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ተሥለዋል። በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ነው፣ እውነት ነው፤ ቢሆንም መልካቸው ግድግዳው ላይ አለ። ለግብራቸው እህል የፈጨችውስ? እሷን የት ግድግዳ ላይ እንፈልጋት?

የልደታውን ፍሬም አቧራ በየጧቱ የምትጠርገው የቤት ሠራተኛ ናት፤ የማታ ተማሪ። ደብተሯ ማድቤት፣ ዘይት ጀሪካኑ አጠገብ ተቀምጧል። እንጀራው ተጋግሮ፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ልጁ ተኝቶ ገና ገለጥ ስታደርገው «አንቺ! ውኃ አምጪ!» ይመጣል። ጠሪው ማን መሰላችሁ? ስለ ብርሃንና ጥላ ስድስት ገጽ ጽፎ ኤ ያገኘው ተማሪ ነዋ! የኛ ጠብ ከዚህ ጋር እንጂ ከፍራጎናር ጋር አይደለም።

እንዲያውም ሥዕሉ በራጅ ሲመረመር ከሥሩ ወደ ተመልካቹ የዞረ ሌላ ፊት ተገኝቷል። ሠዓሊው ያንን ሸፍኖ ነው ልጅቷን ወደ መጽሐፉ ያዞራት። እሱን የፈጀበት ቀለም ነው። እኛን የሚፈጅብን በቀን ሁለት ሰዓት ነው፤ ማንም የማይጠራት፣ መብራት ያለበት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ሁለት ሰዓት። ከዛሬ ማታ ጀምረን በየቤታችን ይህን እንጠይቅ። እናቶቻችን «ጉድ ፈላ» ቢሉም የበላንበትን ሳህን ራሳችን እንጠብ፤ ውኃውንም ተነሥተን እንቅዳ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጓዶች ደግሞ ሸራችሁን ይዛችሁ ልደታ ውረዱ። ፈቃዷን ጠይቃችሁ ሣሏት፤ መጥረጊያ ይዛ ሳይሆን ደብተሯን ገልጣ፣ ትራሱንም ከጀርባዋ አድርጋችሁ።