ችግሩ ይቅደም፣ ሌክቸሩ ይከተል

በዲፓርትመንታችን ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ያልተማረ የለም። ግን እንዴት ተማርነው? እውነቱን ለመናገር፣ መምህሩ እየተናገሩ እኛ እየጻፍን፣ ኋላም ሃንድአውቱን ሸምድደን ነው። እኔም በሽምደዳ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ።

ፕራክቲከም ስወጣ ግን ጉዴ ፈላ። አራተኛ ክፍል ሂሳብ ሳስተምር አንዲት ልጅ "1/8 ከ1/4 ይበልጣል፤ 8 ከ4 ይበልጥ የለ?" አለችኝ። ተሳስተሻል ብዬ ደንቡን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላት፤ ገለበጠች። በማግስቱ ያንኑ ስህተት ደብተሯ ላይ አገኘሁት። እኔ ደንቡን አውቃለሁ፤ ልጅቷ ለምን እንዲያ እንዳሰበች መጠየቅ ግን አልመጣልኝም።

ስመለስ ለአንድ መምህራችን ነገርኳቸው። መልሱን አልሰጡኝም፤ ጉዳዩን ለክፍሉ አቀረቡት። "ልጅቷ ለምን እንዲህ አሰበች? እናንተ ብትሆኑ በማግስቱ ምን ትሠራላችሁ?" ስድስት ስድስት ሆነን የምናውቀውንና የማናውቀውን ለየን፤ የጎደለንን ከመጻሕፍት ፈልገን ተመልሰን ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ እንጀራ ለአራት ሰውና ለስምንት ሰው ሲካፈል የማን ድርሻ እንደሚበልጥ ልጆቹ ራሳቸው የሚደርሱበት ትምህርት አዘጋጀን። ከሃንድአውቱ ይልቅ ያ ውይይት እስካሁን አብሮኝ አለ።

ይህ ችግር-ተኮር ትምህርት፣ ማለትም ፕሮብሌም ቤዝድ ለርኒንግ የሚባለው ነው። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎቹን ከበሽተኛ ችግር አስነስቶ ያስተምርበታል። ለሐኪም ከጠቀመ፣ በየቀኑ ያልተጠበቀ ጥያቄ ለሚገጥመው መምህር እንዴት አይጠቅምም?

"ጊዜ ይፈጃል፣ ኮርሱ አያልቅም፣ በግሩፕ ሥራ አንዱ ሲደክም ሌላው ስሙን ብቻ ያስጽፋል" የሚሉ አሉ። ሐሰት አይደለም፤ እኔም ስሜን ያስጻፍኩበት ቀን አለ። መነሻ እውቀት ለሌለው ተማሪ ችግር ብቻ መወርወርም ማደናገር ነው። ስለዚህ ሌክቸር ይቅር አልልም። የምጠይቀው ትንሽ ነው፦ በእያንዳንዱ የማስተማር ዘዴ ኮርስ ከፕራክቲከም ማስታወሻችን የተወሰዱ ሁለት እውነተኛ ችግሮች ከሌክቸሩ ይቅደሙ፤ ማርክም ከግሩፑ ሪፖርት በተጨማሪ እያንዳንዱ ለብቻው በሚጽፈው መፍትሔ ይያዝ።

ያቺን ልጅ ዳግም አላገኘኋትም፤ የፕራክቲከም ጊዜዬ አልቆ ነበር። እኔ ከእሷ ተማርኩ፣ እሷ ግን ስህተቷን እንደያዘች ቀረች። ቀጣዮቹ እጩ መምህራን ልጆቹ ፊት ከመቆማቸው በፊት እዚሁ ክፍላችን ውስጥ ቢሳሳቱ አይሻልም?