ከቅባቱ በፊት ምርመራው ይቅደም



ስለ ገላ መታጠብ፣ ስለ ልብስ ንጽሕናና ስለ ንጹሕ ውሃ ዘወትር ይነገራል። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ከሐኪም ይልቅ ቅባት ሻጭን ስለሚያማክርበት ጉዳይ፣ ይኸውም ስለ ራስ ጠጉር መሳሳት ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በሚዛን ተፈሪም ሆነ በቴፒ ጠጉሩ የሳሳበት ሰው ሲያጋጥም የሚሰጠው ፍርድ ፈጣን ነው። ጐልማሳው «የአባቱን ወረሰ» ይባላል፤ ሴቲቱ «ሐሳብ በዝቶባት ነው» ትባላለች፤ ሕፃኑም «ላሽ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ይታለፋል። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ እውነት ይሆናል። ነገር ግን ሳይመረመር የተሰጠ ስለ ሆነ፣ እውነት በሚሆንበት ጊዜ መጠኑን አይነግረንም፤ ሐሰት በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ሊድን የሚችለውን ጠጉር ያስጠፋል።

በዘር የሚወረሰው መሳሳት ከአባትም ከእናትም ወገን ሊመጣ ይችላል። ጠጉሩ በአንድ ቀን የሚረግፍ አይደለም፤ ሥሩ በየጊዜው እያነሰ፣ የሚያበቅለውም ጠጉር እየቀጠነና እያጠረ ይሄዳል። ሊቃውንት ደረጃውን በዓይን ለመመደብ ደክመዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ሐሚልተን ያወጣውን ምደባ ኖርውድ በ1975 አሻሽሎ የወንዶቹን በ7 ደረጃ ከፈለው፤ ሉድቪግም በ1977 የሴቶቹን በ3 ደረጃ መደበው። እነዚህ ምደባዎች እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ሆኖም ዓይን ብቻውን መሳሳቱን የሚያስተውለው ነገሩ ከገፋ በኋላ ነው።

ደርሞስኮፕ የሚባለው የቆዳ ማጉያ መነጽር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። በእጅ የሚያዝ፣ የራሱ መብራት ያለው፣ ቆዳን 10 ጊዜ ያህል አጉልቶ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ሳይቆርጥና ሳያቆስል ይመረምራል። ሐኪሙ የመኻል አናትን ጠጉር ከማጅራት በላይ ካለው ጋር ያነጻጽራል፤ የዘር መሳሳት አናትን ሲያጠቃ የኋላውን አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋልና። በጤነኛ ራስ ላይ ጠጉሮቹ በውፍረት ይቀራረባሉ፤ ከአንድ ቀዳዳም ሁለትና ሦስት ሆነው ይወጣሉ። በዘር በሚሳሳው ላይ ግን ወፍራሙና ቀጭኑ ተደባልቆ ይታያል፤ ብቻውን የሚበቅለውም ይበዛል። ከ100 ጠጉሮች ከ20 የሚበልጡት በውፍረት ከተለያዩ ዋና ምልክት ነው፤ ቀጭኖቹም በበዙ መጠን ደረጃው ከፍ ይላል። ቡና የሚገዛ ሰው ከጆንያው ናሙና አውጥቶ ፍሬውን ይመረምራል እንጂ የጆንያውን ውጭ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። ለቡና የማንነፍገውን ጥንቃቄ ለራሳችን መንፈግ አይገባንም።

መነጽሩ የሚያሳየው ደረጃን ብቻ አይደለም፤ ምክንያትንም ይለያል። ላሽ በያዘው ሕፃን ራስ ላይ እንደ ማጭድ የታጠፈ ወይም እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ አጭር ጠጉር ይታያል። ላሽ ተላላፊ የፈንገስ በሽታ ስለ ሆነ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ በሐኪም ትእዛዝ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ያሻዋል። ሹሩባን አጥብቆ መሠራት ደግሞ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዳር ያለውን ጠጉር ያሳሳል። በጠጉሩ ግርጌ ነጭ እጅጌ የመሰለ ሽፋን ከታየ መጐተቱ ገና አልቆመም ማለት ነው። በጊዜው ቢላላ ጠጉሩ ይመለሳል፤ ቢዘገይ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። በጥቁር ቆዳ ላይ የማር እንጀራ የሚመስል የቀለም መረብ መታየቱ ግን የተፈጥሮ እንጂ የበሽታ ስላልሆነ፣ መርማሪው ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

«ጠጉር ያጣ ሰው አይሞትም፤ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ራሰ በራነት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ያላስጨነቀውም ሰው መድኃኒት አያሻውም። ነገር ግን ደመወዙን ለማይረባ ቅባት የሚከፍል ሰው፣ ሻሿን ከራሷ የማታወርድ ሴት፣ ባልንጀሮቹ ስለ ሳቁበት ከትምህርት ቤት የቀረ ሕፃን እውነቱን ማወቅ ይገባቸዋል። ሚኖክሲዲልን የመሰለው መድኃኒትም የበለጠ የሚረዳው ሥሩ ሳይጠፋ ሲጀመር ነው፤ መጥቀሙም የሚታወቀው የመጀመሪያው ደረጃ ተመዝግቦ ከወራት በኋላ ሲነጻጸር ነው።

በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የቆዳ ሕክምና የሚሰጥበትና የሚማሩበት ታላቅ ሥፍራ ነው። ነገር ግን ከቤንች ሸኮ የቡና መሬት ተነሥቶ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለጠጉር ጉዳይ እዚያ የሚደርስ ስንት ሰው ይኖራል? ስለዚህ በእኛ አስተያየት ይህ መነጽር እንደ ሙቀት መለኪያ ሁሉ በየጤና ጣቢያው ሊገኝ፣ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑት ባለሙያዎችም አጠቃቀሙን በሚገባ ሊያውቁ ያስፈልጋል።

መምህራን ሆይ፤ ራሱ የተመለጠ ልጅ ስታዩ በጓደኞቹ ፊት አታሳፍሩት፤ ወላጆቹን ጠርታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ምከሩ። ልጆቹም ማበጠሪያና ቆብ እንዳይዋዋሱ አስተምሩ። ባለሙያውም መነጽሩን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ከማሻገሩ በፊት በአልኮል ይጥረገው፤ በሽታ መርማሪው መሣሪያ በሽታ አመላላሽ እንዳይሆን። እኛም ሁላችን ገንዘባችንን ለቅባት ከማውጣታችን በፊት ራሳችንን ለምርመራ እናቅርብ።