የቤተ ሳይዳ ሌሊት

በአገር ቤት ላላችሁ ወገኖቼ፤

ይህን የምጽፍላችሁ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ነው። ከሌሊት ሥራዬ ገባሁ፤ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ሻይ አፍልቼ ተቀመጥሁ። ትናንት እሑድ መጻጉዕ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሰማሁት አንድ ቃል ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲከተለኝ አደረና፣ ለማን ልንገረው ብዬ ሳስብ እናንተ ትዝ አላችሁኝ።

የምሠራበትን ከተማ እዚህ ሰው «ቤቴዝዳ» ይለዋል። ከዋሽንግተን በቀዩ መስመር ባቡር ይደረሳል። ጣቢያው ከመሬት በታች ጥልቅ ስለሆነ ወደ ላይ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ደረጃ 65 ሜትር ያህል ይረዝማል። ክረምት ከበጋ ያንን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ስድስት ዓመቴ ነው። በየምሽቱ ድምፅ ማጉያው የጣቢያውን ስም ይጠራል፤ እኔም ቦርሳዬን አንሥቼ እወርዳለሁ። ስሙ ለእኔ ከዚህ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

ትናንት ካህኑ የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 5 አስተምረው ሲጨርሱ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ አንድ ዲያቆን ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ሊያስረዳ ተነሣ። እኛ ቤተ ሳይዳ የምንላትን መጠመቂያ እሱ «ቤቴዝዳ» አላት። ልክ ባቡሩ ውስጥ እንደሚጠራው። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ቤት ገብቼ የከተማውን ታሪክ ፈላልጌ አነበብሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፦ በ1820 እዚያ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ጸሎት ቤት ተሠራ፤ የተሰየመውም በመጠመቂያይቱ ስም ነበር። በ1871 የመንደሩ ፖስታ ቤት የጸሎት ቤቱን ስም ወረሰ፣ ስሙም በዚያው የከተማው ሆኖ ቀረ። በ1938 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለባሕር ኃይሉ ሆስፒታል የሚሆን ቦታ የመረጡት እዚሁ ነው። እሳቸውም ከ1921 ጀምሮ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ ሰው ነበሩ። ዛሬ ያ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ከመንገዱ ማዶም የአሜሪካ መንግሥት ትልቁ የጤና ምርምር ተቋም አሉ። በዚህ ሁሉ መካከል እኔ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት አስታማሚ ነኝ። ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳላውቀው መጠመቂያው ዳር ኖሬያለሁ።

ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መጻጉዕ 38 ዓመት የአልጋ ቁራኛ ነበር። ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል። ጌታ መጥቶ መዳን ይወድ እንደሆነ ሲጠይቀው ሰውዬው አዎን አላለም፤ ስለ በሽታውም አንድ ቃል አልተነፈሰም። የተናገረው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ መልስ ሰበብ ይመስለኝ ነበር። ጤናህን ተጠይቀህ ስለ ሰው ታወራለህ? እል ነበር በልቤ።

አሁን ግን ገብቶኛል። ሥራዬ እንዲህ ነው፦ ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉትን በየ2 ሰዓቱ እናገላብጣለን፤ አለዚያ ገላቸው በተኙበት ይቆስላል። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ለማንሣት ማሽን አለ፤ ማሽኑን ግን ብቻን መንካት ክልክል ነው፣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንድ አረጋዊ አሉ፣ መልከ መልካም ሽማግሌ፤ ልጆቻቸው የተሟላ ክፍል ከነቴሌቪዥኑ ሰጥተዋቸዋል፣ ክፍያው በወሩ በወሩ አይቋረጥም። ሌሊት ላገላብጣቸው ስገባ ይነቁና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ውኃ አይደለም፣ መድኃኒትም አይደለም። ማን መጣ? ነው የሚሉኝ። ስሜን እነግራቸዋለሁ። ትንሽ ዝም ብለው፣ ከእኔ ሌላ ማን እንደመጣ ይጠይቃሉ። ትናንት ሌሊትም ጠየቁኝ። ያ የ38 ዓመት በሽተኛ የመለሰው መልስ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ሰው አፍ፣ እዚያው በመጠመቂያይቱ ስም በተጠራው ከተማ ሲነገር ሰማሁት።

አንድ ሌላ ነገርም ልንገራችሁ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንዲት እናት አሉ፤ የመርሳት በሽታ የልጆቻቸውን ስም ሳይቀር ወስዶባቸዋል። ባለፈው ጥር አንድ ሌሊት ልብሳቸውን ስቀይርላቸው በጥፊ መቱኝ። መነጽሬ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከጥፊው ይልቅ የቆጨኝ ሌላ ነበር። በአገሬ አስተማሪ ነበርሁ፤ ተማሪ ሲያየኝ ከመቀመጫው ይነሣልኝ ነበር። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስሁ።

እዚያ ቆሜ ሳለ አባቶቻችን ስለ መጻጉዕ የሚያስተምሩት ትዝ አለኝ። በሐሙስ ሌሊት፣ ጌታ በተያዘ ጊዜ፣ በጥፊ የመታው ያው ከ38 ዓመት ደዌ የፈወሰው ሰው ነው ይላሉ። ሕፃን ሆኜ ስሰማው መጻጉዕን ጠልቼው ነበር፤ ሰው እንዴት ይህን ያህል ውለታ ቢስ ይሆናል! ያን ሌሊት ግን መጻጉዕን ትቼ ጌታን አየሁት። መጠመቂያው ዳር ቆሞ ያን የዛለ እጅ ሲያቀና፣ እጁ በኋላ የት እንደሚያርፍ ያውቅ ነበር። እያወቀ አቀናው። እኚህ ምስኪን እናት ደግሞ መጻጉዕ አይደሉም፤ የሚያደርጉትን የማያውቁ በሽተኛ ናቸው። ፊቴን ታጥቤ ተመለስሁ። የሌሊት ልብሳቸውን ሳልቆልፍላቸው ነበር የወጣሁት፤ ብርድ መትቷቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ቆለፍሁላቸው፣ ብርድ ልብስ ደረብሁላቸው። እጄን ይዘው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እናንተን ያስታወሰኝ ግን አባቴ ነው። ደሴ ሳለን አባባ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት አራት ዓመት ተኝቷል። ማሽን የለ፣ የሰለጠነ አስታማሚ የለ። ግን አንድም ቀን ገላው አልቆሰለም። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ሱብሒ ሰግደው ሲጨርሱ በጓሮ በር ይገቡና ከእናቴ ጋር ሆነው ያገላብጡት ነበር። ማታ ማታ ደግሞ የሰፈሩ ጎረምሶች ይመጣሉ። ጸበል ሲወሰድ ቃሬዛውን ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ አቀበቱ ላይ ትከሻ ሲቀያየሩ፣ ተራው ያልደረሰው ሲቆጣ አስታውሳለሁ። አባባ አልዳነም። ሲሞት ግን ቤቱ በሰው እንደተሞላ ነው። ያን ጊዜ ይህን ማንም ስብከት አላለውም፣ እኔም ከወንጌል ጋር አላያያዝሁትም። የጓሮ በር ነበር፣ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ።

አሁን የምጽፈው ያማል።

እናቴ ዛሬ ብቻዋን ናት። ከውጭ በላክሁት ገንዘብ ቤቱ ታድሷል፣ የቆርቆሮው አጥር ግንብ ሆኗል፣ የብረት በር ተገጥሞለታል። የጓሮውን በር ግንበኛው ዘጋው። «ለጥበቃ ይሻላል» ሲለኝ በስልክ እሺ ያልሁት እኔ ነኝ። አንዲት ሠራተኛ አለች፣ ደመወዟን እልካለሁ። ባለፈው ስደውል እናቴን ቡና ከማን ጋር እንደምትጠጣ ጠየቅኋት። ከልጅቷ ጋር አለችኝ። ጎረቤትስ? ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እነሱማ ልጇ አሜሪካ ናት፣ ምን ይጎድላታል ይላሉ።»

ይህን ሰምቼ ብዙ ቀን አልተኛሁም። እኔ የላክሁት ብር ሰው አስቀረባት። በር ሲያንኳኳ የነበረው ጎረቤት፣ ሊረዳት የሚችለው ነገር ያለቀ መስሎት ቀረ። ልጅ ውጭ አገር አላት ማለት ሰው አላት ማለት ሆነ። በእኔ በኩል ደግሞ በየወሩ የምልክላት ከእኔ የሚጠበቀው ሁሉ መሰለኝ። ሽማግሌውን ባየሁ ቁጥር ልጆቻቸውን እታዘብ ነበር፤ አሁን ግን ክፍያው በማይቋረጥበት ክፍል ውስጥ እናቴም እንዳለች አየሁ። ልዩነቱ የእሷ ደሴ መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለች እናት በየሰፈራችሁ አለች። በኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ደረጃው ከብዷት ከወጣች ያልወረደች፣ ልጆቿ ከዱባይ፣ ከቤይሩት፣ ከዚህም ከእኛ ዘንድ ብር የሚልኩላት። ሳሎኗ ሶፋ አለው፣ ፍሪጇ ሙሉ ነው። ዕድሩ ስትሞት ድንኳን እንደሚጥልላት አውቃለሁ፤ ዕድርተኛው እግዜር ይስጠው፣ ስትሞት አያሳፍራትም። የምለምናችሁ ከዚያ በፊት ስላለው ነው። ምንም አትያዙላት፣ ምንም አይጎድላትም። ቡና ሲፈላ ልጅ ልካችሁ አስጠሯት፤ መውረድ ካልቻለች ጀበናውን ይዛችሁ ውጡ። የጽዋ ማኅበራችሁ ተራ ሲደርስ ቤቷ እንዲሆን ጠይቋት፤ አዘገጃጀቱ ይከብዳታል ብላችሁ አትዝለሏት። ሠራተኛዋ በር ከፍታ «ተኝተዋል» ብትላችሁ እስክትነቃ ጠብቁ። ደጋግማ የነገረቻችሁን ታሪክ እንደገና ብትጀምርላችሁ እንዳልሰማችሁት ሆናችሁ ስሙላት።

እኛ እዚህ የሌላ ሰው አባት እናገላብጣለን። ብዙዎቻችን ሥራችን ይኸው ነው። የእኛን አባትና እናት ለማገላበጥ እጃችን አይደርስም፤ እናንተን ግን ግንብ ብቻ ነው የሚለያችሁ።

ለእናቴ ትናንት ከቅዳሴ መልስ ደውዬ የጓሮው በር እንዲከፈት ግንበኛ ጥሪ አልኋት። ግንቡ መፍረሱ አሳስቧት «ገንዘብሽን!» አለችኝ። እኚያ የማለዳ ጎረቤታችን በሕይወት አሉ፤ ጉልበታቸው ደክሟል እንጂ አሁንም እዚያው ናቸው። ዞሮ መምጣቱ ነው የከበዳቸው።

ነግቷል፤ ትንሽ ልረፍ። ዛሬም በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እገባለሁ። ሽማግሌው በግራ ጎናቸው ተኝተው ይጠብቁኛል፣ በ7 ሰዓት ወደ ቀኝ አዞራቸዋለሁ። ማን መጣ? ሲሉኝ ስሜን ነግሬ አልወጣም፤ ወንበር ስቤ ጥቂት እቀመጣለሁ።

እኅታችሁ፣ ከቤተ ሳይዳ