ደዌው ዕጣ አይደለም

በቅርቡ በአንድ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ በጎጃም ደጋ የሚታየው የእግር እብጠት ከዘር የሚወርድ ነውና ገበሬውን ስለ ጫማና ስለ ሳሙና ማስተማር ከንቱ ድካም ነው፣ መፍትሔውም ሆስፒታል ብቻ ነው ሲል ፈርዷል። ይህ ፍርድ ሳይመረመር እንዳያልፍ ኅሊናዬ ግድ ይለኛል።

ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይህ ደዌ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ መርምሮ እንደ ገለጠው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ የቀይ አፈር ረቂቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ የሊምፍ ቧንቧዎችን ሲያውክ የሚመጣ እንጂ፣ በትንኝ የሚተላለፍ ወይም ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ አይደለም። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ መውረዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአፈሩ የተጠበቀ ሰው ከደዌው ይድናልና፣ የዘሩ ነገር ጫማን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሆስፒታልን አልነቅፍም፤ ሆኖም ያበጠውን እግር የሚያቀለው በየዕለቱ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ነው፤ ይህም ሁሉ በታማሚው በራሱ እጅ የሚፈጸም ነው። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በጎጃሟ የጁቤ መንደሮች ቤት ለቤት ያስተምር፤ ካህኑም በዐውደ ምሕረት፣ ደዌው እርግማን አለመሆኑን ለምእመናን ይንገር፤ የጫማው ዋጋ የሚከብደውን ድሃም መንግሥትና ባለጸጋ ይደግፉት። ገበሬው አይችልም ብሎ ዕውቀትን መንፈግ ግን፣ ሊከላከለው ለሚችለው ደዌ አሳልፎ መስጠት ነው።