ይግባኝ አለህ፤ ግን መጀመሪያ ግማሹን ክፈል

ሰሞኑን አንድ አነስተኛ ድርጅት የሚያስተዳድር ወዳጄ ከግብር መሥሪያ ቤት የደረሰውን ደብዳቤ ይዞ መጣ። «የሠራተኞችህን የሥራ ግብር በትክክል አልቀነስክም፣ ልዩነቱን ክፈል» ይላል። «ይግባኝ ማለት እችላለሁ?» አለኝ። ትችላለህ አልኩት። ቀጥዬ የነገርኩት ግን ደስ አላሰኘውም።

እስቲ ከመነሻው እንየው። የሥራ ግብር የአሠሪው ዕዳ አይደለም፣ የሠራተኛው ነው። አሠሪው በየወሩ ከደመወዝ ቀንሶ ለመንግሥት ገቢ የሚያደርግ ነፃ ሰብሳቢ ነው። አምስት ሳንቲም አይታሰብለትም። ፔሮል የሚሠራለትን ሒሳብ ሠራተኛ የሚቀጥረው እሱ፣ ሲስተም የለም ሲባል የሚመላለሰውም እሱ። ሲሳሳት ግን ያልቀነሰውን ከኪሱ ይከፍላል፣ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል፣ ሥራ አስኪያጁና ዋና ሒሳብ ሹሙም በየግላቸው 2,000 ብር ይቀጣሉ።

የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በሩን አልዘጋም። ያልተከፈለ ተቀናሽ ግብር ይህን ያህል ነው ተብሎ ሲወሰን ውሳኔው ቅሬታ ይቀርብበታል፤ በ21 ቀን ውስጥ፣ ለዚያው ለወሰነው መሥሪያ ቤት። መሥሪያ ቤቱ መልስ ለመስጠት 180 ቀን አለው (አንተ 21፣ እሱ 180፣ ልብ በሉልኝ)። መልሱ ካላረካህ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ትሄዳለህ። ከዚያ በላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አለ፤ እሱም የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው የሚያየው። ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳቱ ሸክም በየደረጃው ያንተ ነው።

እስከዚህ ድረስ እሺ እንበል። ነገር ግን ኮሚሽኑ ዘንድ ይግባኝህ እንደ ይግባኝ የሚቆጠረው በክርክር ላይ ካለው ግብር ቢያንስ 50 በመቶውን አስቀድመህ ስትከፍል ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስትደርስ ወደ 75 በመቶ ያድጋል።

በቁጥር እንየው። 20 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ለእያንዳንዳቸው በወር 2,000 ብር የትራንስፖርት አበል ይከፍላል እንበል። ከግብር ነፃ ነው ብሎ አልቀነሰም። ኦዲተሩ መጥቶ «ይህ የደመወዝ አካል ነው» አለ። በ30 በመቶ ብናሰላው በሰው 600 ብር፣ በወር 12,000፣ በዓመት 144,000። ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሲቆጠር 432,000 ብር ይሆናል፣ ቅጣትና ወለድ ሳይጨመር። ኮሚሽኑ ፊት ለመቆም 216,000 ብር፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለመድረስ 324,000 ብር። ይህ ብር ደግሞ ድርጅቱ ካዝና ውስጥ የለም! ያኔውኑ ለሠራተኞቹ ተከፍሏል። ግማሾቹ ለቀዋል፤ ከእነሱ ላስመልስ ቢልስ የት ያገኛቸዋል?

«ቅድመ ክፍያ ከሌለ ሁሉም ጊዜ ለመግዛት ይግባኝ ይላል» የሚል መከራከሪያ አለ። ሰምቼዋለሁ፣ ተራ ሰበብም አይደለም። ግን ያው አዋጅ ዘግይቶ በተከፈለ ግብር ላይ ከባንኮች ከፍተኛው የማበደሪያ ወለድ የሚበልጥ ወለድ ያስከፍላል። በዚህ ዋጋ ጊዜ የሚገዛ ነጋዴ ካለ ችግሩ ሌላ ነው። ወለዱ ማዘግየትን ይቀጣል፤ 50 በመቶው ደግሞ ገንዘብ የሌለውን ብቻ መርጦ ያስቀራል። ትልልቆቹ ከፍለው ይከራከራሉ።

እኔን የሚያናድደኝ ሁለት የማይገናኙ ሰዎች በአንድ ሚዛን መቀመጣቸው ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ ቀንሶ ብሩን ለራሱ ያዋለ አሠሪ አለ። እሱ የሰው ገንዘብ ነው የበላው፤ ይግባኝ ከማለቱ በፊት መቶ በመቶ ይክፈል ቢባል አልከራከርለትም። አበሉ ግብር አለበት ወይስ የለበትም በሚል የሕግ ትርጉም ላይ የተለየ፣ ሳይቀንስ ሙሉውን ለሠራተኛው የሰጠም አለ። አንድ ሳንቲም በእጁ አልቀረም። የ10 በመቶው ቅጣት ግን ሁለቱንም በአንድ አንቀጽ ነው የሚያነሣው፤ የይግባኙ በርም ለሁለቱ አንድ ነው። አሁን ደግሞ የ2017ቱ ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጎ የገቢ እርከኖቹን ስለቀያየረ የፔሮል ክርክር የሚበዛ እንጂ የሚቀንስ አይመስለኝም።

መደረግ ያለበት ሩቅ አይደለም። ቀንሶ ያላስገባው ሙሉውን ከፍሎ ይከራከር። ሳይቀንስ የቀረው ግን ኮሚሽኑ ዘንድ ያለ ቅድመ ክፍያ ይሰማ፤ ከተረታ ከነወለዱ ይክፈል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ላይ ፍትሕ የማግኘት መብት ሲል የገንዘብ መጠን አልጻፈም።

ወዳጄ ትናንት ደወለልኝ። ቅሬታውን አላስገባም። «የሚያየው ያው የወሰነብኝ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ ግማሹን ከየት አመጣለሁ? በየወሩ እንድከፍል ጠይቄ እገላገላለሁ» አለኝ። አበሉ ግብር ይኑርበት አይኑርበት እስካሁን ማንም ገለልተኛ ሰው አላየለትም።