«ይሄድብናል» ብላችሁ በር አትዝጉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የመርጡለ ማርያምና የአካባቢዋ ምእመናን፣ እናቱ የታመመችበትን ወይም በግጭት ከወላጆቹ የተለየውን ሕፃን ለጥቂት ወራት በአደራ አሳድጉ ስትባሉ «ከለመድነው በኋላ ይሄድብናል» ትላላችሁ። መልሱ ርኅራኄ ይመስላል፤ የሚራራው ግን ለማን ነው? እናንተ ነገ ከሚመጣው የመለያየት ልቅሶ ትድናላችሁ፤ ሕፃኑ ዛሬ ማታ ማደሪያ ያጣል።

በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌት ቆመን የእመቤታችንን ስደት እናስባለን። በግብፅ ያስጠጓት ሰዎች ለዘለዓለም አብራቸው እንድትኖር አልተቀበሏትም፤ ሄሮድስ ሲሞት ልጇን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። መመለሷ ያስጠጓትን ሰዎች በጎነት ከንቱ አደረገውን? በር ለዘጉባት እያዘንን የራሳችንን በር የምንዘጋ እኛ ምን ዓይነት ዘማሪዎች ነን?

በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕፃናት ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ሲከለክል ብዙዎቻችን «ልጆቻችን በአገራቸው ይደጉ» ብለን ደስ ብሎናል። በማን ቤት እንደሚያድጉ ግን አልተነጋገርንም። ጉዲፈቻ እንኳ አልተጠየቃችሁም። በጉዲፈቻ ሕፃኑ በሕግ ልጃችሁ ይሆናል፤ በአደራ የተቀበላችሁት ግን የእናቱ ልጅ እንደሆነ ይቆያል፤ እርሷ ስትድን ወደ እርሷ መመለሱ የድካማችሁ ፍሬ ነው።

የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ አንነፍግም። ቁራሽ ሰጥቶ ማሰናበት ግን ቀላል ነው፤ ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን ማባበል ከባድ ነው።

ከእምቢታው ይልቅ የሚያስፈራኝ እሺታ አለ። በጽድቅ ስም ሕፃን አስጠግቶ እረኛ የሚያደርግ ቤት በደጋችን አለ፤ የቤቱ ልጅ ደብተር ይዞ ሲወጣ የአደራው ልጅ በትር ይዞ ይወጣል። እንዲህ ለማድረግ ያሰበ ይቅርበት። ባልና ሚስት ያልተስማሙበት ቤትም እምቢ ቢል አልወቅሰውም።

የተስማማችሁ ግን የንስሐ አባታችሁን አማክራችሁ ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ሕፃንን ከመንገድ አንሥቶ በዝምታ ወደ ቤት መውሰድ፣ በቅንነት ቢሆንም፣ የሚፈልጉትን ወላጆች ዱካ ያጠፋል። ስሙን አትለውጡበት። ለብሶት የመጣውን ልብስ፣ ያረጀ ቢሆንም፣ አጥባችሁ አስቀምጡለት፤ ምናልባት እናቱ የምትለየው በእርሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።