ሕመም በስሙ ይጠራ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሞርፊን ነው። እንጀራዬ የባንክ ሒሳብ፣ ፍቅሬ ግጥም ነው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ጉዳዩ ለመድኃኒት የቀረበውን ያህል ለቃላትም የቀረበ ሆኖ ስላገኘሁት ሐሳቤን ላካፍላችሁ ደፈርሁ።

የፕሮስቴት እጢ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አባት ማደንዘዣው ሲለቀው የሚጠብቀው ሥቃይ አንድ ዓይነት አይደለም። ቁስሉ ይጠዘጥዘዋል፤ ለሽንቱ የገባለት ቱቦ ያቃጥለዋል፤ ፊኛው ድንገት እየተኮማተረ ይቆርጠዋል። ሞርፊንና መሰሎቹ፣ ማለትም ኦፒዮይዶች፣ የቁስሉን ጥዝጣዜ ያስታግሳሉ፤ የፊኛውን ቁርጠት ግን እምብዛም አያሸንፉትም። ለእርሱ ፊኛን የሚያላላ ሌላ መድኃኒት አለው። ሁሉም «አመመኝ» በሚል አንድ ቃል ከተጠቀለለ መልሱም አንድ መርፌ ይሆናል። ሞርፊኑ ይጨመራል፤ ሆድ ይደርቃል፤ ማማጥ ይከተላል፤ ቁርጠቱ ግን ከነበረበት አይነቃነቅም።

በአሜሪካ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ልክ ታዘዘ። ከሐኪም ማዘዣ የጀመረው ሱስ ወደ ጎዳና ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ80,000 በላይ ሰዎች ከኦፒዮይድ መጠን ማለፍ የተነሣ ሞቱ። ስለዚህ ዛሬ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ፓራሲታሞልን በሰዓቱ፣ እንደ በሽተኛው ሁኔታም እብጠት የሚቀንሱ መድኃኒቶችን ይሰጣሉ፤ የቁስሉን ዙሪያ ያደነዝዛሉ፤ ሞርፊንን ከእነዚህ ላለፈው ሥቃይ ብቻ ያቆዩታል። መልካም ጥበብ ነው።

ነገር ግን «ሞርፊን ይቀነስ» የሚለው ምክር እንዳለ ወደ እኛ ከመጣ አደጋ አለው። በላንሴት የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የኮሚሽን ሪፖርት እንደሚለው፣ በሞርፊን ተሰልቶ በዓመት ለዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ውስጥ ለድኆቹ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የደከመውም ጽኑ ሕሙማን ሥቃያቸው እንዲታገሥላቸው ነው። ያልተሰጠ ነገር አይቀነስም። ከሌሎች ልንወስድ የሚገባን ዘዴውን እንጂ ክልከላውን አይደለም።

ዘዴው ደግሞ ከጥያቄ ይጀምራል። ከይጁቤ ገጠር ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተኛ አዛውንት «እንዴት አደሩ?» ቢባል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ምስጋናው ሰም ነው፤ ወርቁ ከጋቢው ሥር ጥርሱን ነክሷል። ጎጃም የቅኔ አገር ቢሆንም፣ ነርሷ በሌሊት ተረኛነቷ ላይ ቅኔ ፍቺ ሊጨመርባት አይገባም።

«ከ0 እስከ 10 ስንት ያምዎታል?» የሚለው መለኪያ ጠቃሚ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በባንክ መስኮት የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ የማን ሒሳብ እንደሆነ ያልተጻፈለት አኃዝ ለማንም አይከፈልም። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ቃል ይጻፍ፤ ይጠዘጥዛል? ያቃጥላል? ይቆርጣል? ይወጋል? አማርኛችን በዚህ ረገድ ድኃ አይደለም። አስታማሚ ልጆችም «አባቴ ጀግና ነው፣ ይችለዋል» ማለትን ትተው ያዩትን ይናገሩ።

ሥቃይ በስሙ ሲጠራ መድኃኒቱም ልክ ያገኛል፤ ሞርፊኑም ለሚገባው ሰው ይተርፋል። ለቃላት የምንጨነቅ እኛ ይህን ብንመሰክር ከሙያችን አልወጣንም።